ከጎረቤት የተመለሰው ዘር

ጣቶቿ ዱባው ሆድ ውስጥ ናቸው። ፍሬውን ከነዝልግልጉ እየዛቀች ሳህን ላይ ትዘረግፋለች፤ እያንዳንዱን በሁለት ጣቷ ጨመቅ አድርጋ ባዶውን ወደ ብስባሹ ባልዲ፣ ሞላ ያለውን ወደ ጨርቁ። ዘንድሮ ጨርቁ ላይ የወጣው እፍኝ አይሞላም። ዱባውም ቢሆን የሕፃን ራስ ቢያክል ነው።

ዘሩ የእናቷ ነው። ድሮ አንዱን ዱባ ከጓሮ ለማስገባት ሁለት ሰው ይፈልግ ነበር። እሷም ብትሆን አፈሩን አላስራበችውም፤ ፍግና የወጥ ቤት ልጣጭ ታበላዋለች፣ በበጋ ገለባ ታለብሰዋለች። ዱባው ግን ከዓመት ዓመት እየኮሰሰ መጣ።

«ዘርሽ እንደኔ አርጅቷል» አለ ባሏ በሩ ላይ ተደግፎ። «ለከርሞ ከሱቅ ገዝተን እንገላገል።»

«አንተንስ ከየት ሱቅ ልለውጥህ?»

እሱ ሳቀ። እሷ ግን ጨርቁን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ከእናቷ የቀራት ይሄው ዘር ብቻ ነው።

ሳህን ልታጥብ የገባችው ምራቷ ፍሬውን አየት አድርጋ፣ «እማማ፣ ትልቁ ዱባስ የታለ?» አለች።

«ለልብስ ሰፊው ቤት ሰደድኩት። ሚስቱ አራስ አይደለች?»

«የአምናውስ?»

«ለጎረቤታችን ለነርሷ ነዋ። ለሰው እንዴት ኮሳሳውን እሰጣለሁ?»

«ታዲያ ዘር የምታስቀሪው...»

«እኛ ከበላነው!» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ስንት ዓመት ሙሉ ደህና ደህናውን ከነፍሬው ከበር እያስወጣች፣ ኮሳሳውን ስትዘራ ኖራለች!

እጇን ሳትታጠብ ፍሬውን ልትጠይቅ ወጣች። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ ራሱን አከከ። «ውይ እትዬ፣ ፍሬውን እኮ ቆልተን ጨረስነው! ጣፋጭ ነበር ደግሞ።»

«ይስማማችሁ» አለችና ወደ ነርሷ ቤት አለፈች።

ጡረታ የወጣችው ነርስ አጥር ለአጥር ጎረቤቷ ናት። «እኔማ ልጣጩንም ፍሬውንም ጓሮ ደፋሁት» አለችና ቆም አለች። «አንቺ፣ እዚያ የደፋሁበት አንድ ነገር ተንዠርግጎ አጥሬን ሊጥልብኝ ነው። ነይ እስቲ።»

ከበሰበሰው ቅጠል መሃል የወጣ ሐረግ አጥሩን ወጥቶታል። ከሥሩ፣ ቅጠል ተከናንቦ፣ አንድ ዱባ ተጎልቷል። እቅፍ ልታደርገው ሞከረች፤ እጆቿ አልተገናኙም።

«የእናቴ ነው!» አለች።

«ሳልጠራው የመጣ እንግዳ ነው፤ ይዘሽልኝ ሂጂ» አለች ነርሷ።

ለሁለት ተሸክመው እያቃሰቱ፣ እየሳቁ አስገቡት። ባሏ በሩን ከፍቶ፣ «ከማን ሰርቃችሁ ነው?» አለ።

«ከራሴ!»

የዚያን ቀን ጨርቁ ሞልቶ ሌላ ጨርቅ ተፈለገ። ደግነቷን አልተወችም፤ ዛሬም ትልቁ ዱባ ለጎረቤት ነው። በር ላይ ስትሰጥ ግን የምትለምነው ነገር አለ፤ እናንተንም ትለምናለች። ከሰው ጓሮ ደህና ነገር ከደረሳችሁ፣ ፍሬውን ከመቁላታችሁ በፊት እፍኝ አስቀሩለት፤ አጥባችሁ፣ ጥላ ላይ አድርቃችሁ፣ የሰጣችሁን ሰው በር አንኳኩ።