የአንድ ሰዓት ሐዘን

ጌንያ ሽቴርን የማር ኬክ ጋግራ፣ ሳህኑን በነጭ ጨርቅ ሸፍና ከቤቷ ስትወጣ ያየ፣ ካሪንጋ በምትባለው የአውስትራሊያ ከተማ የሚኖር አይሁድ ሁሉ መጋረጃውን ይስብ ነበር። ኬኩን ጠልቶ አይደለም፤ ከኬኩ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቅ ነው። መጀመሪያ ስለ ጉልበት ሕመም ትጠይቃለች፤ ከዚያ ስለ ልጆች። ሁለተኛው ሻይ ሲቀዳ ሳህኗን ገፋ ታደርግና፣ «ኑዛዜህን ጽፈሃል?» ትላለች። ብዙው ሰው ኬኩ ጉሮሮው ላይ የሚቀርበት ያኔ ነው። ስለ ሞት አስቀድሞ ማውራት መልአከ ሞትን በስሙ መጥራት ነው የሚሉ እኛ ዘንድ ሞልተዋል። እሷ ግን ደንታም የላትም። «መልአከ ሞት አድራሻህን ከኔ አይጠይቅም፤ ያውቀዋል» ብላ ሻይዋን ትጠጣለች።

እንዲህ የምትዞረው ወዳ አልነበረም። የጥንት ወርቅ ቆፋሪዎች ያሠሩት ምኵራባችን ከተማውን ሁሉ እንዲይዝ ተደርጎ የተገነባ ነው፤ አሁን ግን ለጸሎት የግድ የሚያስፈልጉት ዐሥር ወንዶች እንኳ የሚሟሉት በመከራ ሆኗል። ወጣቱ ሜልበርን ገብቷል። ጣሪያው ያፈስሳል፤ የመቃብሩ አጥር ወድቆ የጎረቤት በጎች ድንጋዮቹ መካከል ይግጣሉ። መድኃኒት ቤቱን ሸጦ የማኅበሩ ሊቀመንበር የሆነው ፊንክል አንድ ነገር አሰበ፦ እያንዳንዱ ሟች ከንብረቱ ለምኵራቡ ይተው፤ ዋናው ሳይነካ ትርፉ ጣሪያውን ይጠግን፣ ሣሩን ያሳጭድ፣ የሙታኑን አምፖል ያብራ። ምኵራቡ ግድግዳ ላይ የሙታን ስም በናስ የተቀረጸበት ሰሌዳ አለ፤ በእያንዳንዱ ስም ጎን አንዲት ትንሽ አምፖል ትኖራለች፤ ሰውየው የሞተበት ዕለት ሲዞር ትበራለች። ልጅ የሌለው ሰው የሚፈራው ይህችን አምፖል ነው። ከኔ በኋላ ማን ያበራታል?

ለልመናው ደግሞ ከጌንያ የተሻለ ሰው አልተገኘም። የሁላችንንም እናትና ሚስት አጥባ የገነዘች እሷ ናት። እንዲህ ያለችን ሴት በር ላይ የሚመልስ የለም።

አንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ ኬኳን ይዛ ዚንድል ዘንድ ሄደች። ዚንድል ልብስ ሰፊ ነበር፤ ፖላንድ ውስጥ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ጀርመኖች ከገደሉበት ወዲህ ዳግም አላገባም። ምላሱ ከመርፌው ይሾላል።

«እኔ ተናዝዣለሁ» አላት ኬኩን እየቆረሰ። «የስፌት መኪናዬ ለምኵራቡ ይሁን። ጣሪያውን ይስፉበት።»

«አትቀልድ። ቤትህስ?»

«የኔማ የኪራይ ነው። ያንቺ ነው እንጂ ቤት! ኮረብታ ላይ፣ ባለ ጡብ፣ ባለ ሰፊ ግቢ። ፊንክል በዚያ ባለፈ ቁጥር አንገቱ ሲጣመም አይቼዋለሁ። ለመሆኑ ያንቺ ኑዛዜ የታለ?»

ጌንያ ስኒዋን አስቀመጠች። «የኔ ይደርሳል።»

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ። ከተማውን ሁሉ አናዝዘሽ አንቺ ባዶ ወረቀት!»

«ዚንድል፣ ዝም በል።»

«ኤልያኪም የሚባል ልጅ አልነበረሽም?»

ይህ ስም እሷ ፊት ከተጠራ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ጌንያ አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባሏ ሌይብ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህ ሳይባል ቢታለፍ ግፍ ነው። አንድ ልጁን በአባቱ ስም ኤልያኪም ብሎ ሰየመው፤ ያ አባቱ ከመንደሩ ሰው ጋር አንድ ጉድጓድ አፋፍ ላይ የተረሸነ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ አውስትራሊያውያኑ ስሙ ረዘመባቸውና ኪም አሉት። ኪም አድጎ ኖሪን የምትባል የአገሩን ልጅ፣ ከእኛ ያልሆነች፣ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ አገባ። ሌይብ ወሬውን ሲሰማ፣ «ጀርመን የጀመረውን ልጄ ጨረሰው» አለ። የኮቱን ኮሌታ ቀደደ፤ መስተዋቶቹን አስሸፈነ፤ ጫማውን አውልቆ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጠና በሕይወት ላለ ልጁ ሰባት ቀን ሙሉ የሞት ሐዘን ተቀመጠ። ጌንያም አጠገቡ ተቀመጠች። የማኅበሩ ወንዶች እየመጡ የሙት ጸሎቱን፣ ካዲሽን፣ አደረሱ። ያኔ ጎልማሳ የነበረው ፊንክልም መጥቷል። ዚንድል ብቻ፣ «እኔ የማዝንላቸው ሙታን ይበቁኛል፤ በቁሙ ያለ አትጨምሩብኝ» ብሎ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። ጌንያ ልትነሣ ስትል ሌይብ ክንዷን ያዛት። «የሞተ ሰው ስልክ አይደውልም» አለ። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ኪም ሁለተኛ አልደወለም።

ሌይብ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ በኋላ እጇን የሚይዛት አልነበረም። ግን ፋሲካው ይለፍ፣ ክረምቱ ይውጣ፣ ዛሬ ነገ ስትል ኀፍረቱ እያደር ከበዳት። ኑዛዜውን ያልጻፈችውም ለዚህ ነው። ቤቱን ለምኵራቡ ብትጽፍ ልጇን በገዛ እጇ ሁለተኛ መቅበር ይሆንባታል፤ ለልጇ ብትጽፍ ደግሞ ያን ሁሉ ሰው ኬክ እያበላች ስትለምን የኖረችው ምን ልትል ነው?

«የት እንዳለ ታውቃለህ?» አለች በመጨረሻ።

«የዛሬ አምስት ዓመት ወንዙ ዳር ባለችው የወይን እርሻ ከተማ ይኖር ነበር። የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አንቺ ፊት አይነገርም እንጂ።»

«ውሰደኝ።»

«ሄደሽ ምን ልትዪው?»

«ቤቱ ያንተ ነው ልለው። ለምኵራቡ ስጪው ካለኝ እሰጣለሁ፤ አልሰጥም ካለም የአባቱ ቤት ነው፤ ይውሰደው። እሺ ይበል እንቢ፣ ከአፉ ልስማው።»

በማግስቱ በዚንድል አሮጌ መኪና ሄዱ። ጌንያ ጭኗ ላይ ኬክ ይዛለች፤ ሌላ ነገር ይዞ መሄድ አታውቅም። መንገዱን ሙሉ ምን ብላ እንደምትጀምር ስትለማመድ ዚንድል ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

በሩን የከፈተችው ፀጉሯ የሸበተ፣ የቤት ሽርጥ ያደረገች ሴት ነበረች።

«ኤልያኪምን ፈልጌ ነበር» አለች ጌንያ። «ኪምን።»

ሴትየዋ አየቻት፤ ኬኩን አየች። «እናቱ ነዎት።»

«አዎ።»

«ኪም ሞቷል» አለች ኖሪን። «ባለፈው ዓመት፣ ወይን ለቀማ ላይ። ልቡ ነው።»

ጌንያ የበሩን መቃን ያዘች። ኖሪን ክንዷን ደግፋ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፤ ውሃም ሰጠቻት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ደግ ለመሆን ግን ምክንያት አልነበራትም።

«ሆስፒታል ሳለ እናትህ ጋ ልደውል ወይ ብዬው ነበር። ‹ተያት፤ እሷ እኔን ቀብራ ጨርሳለች፤ ሁለቴ አታስቀብሪያት› አለኝ።»

«ተቆጥቶ ነው?»

«ስንት ጊዜ አሰብኩት መሰለዎት። ፈገግ ብሎ ነው ያለው። ኪም ደግሞ ሲከፋውም ፈገግ ይላል።»

«ልጅ ሆኖም እንደዚያው ነበር» አለች ጌንያ። ቆይታም፣ «ማን አጠበው?» ስትል ጠየቀች።

«ምን አሉኝ?»

«ሬሳውን። ማን አጠበው?»

«እኔ እንጃ። የቀብር ድርጅቱ ሰዎች መሰለኝ። ሳጥኑ ግን ተራ እንጨት ይሁን፣ አበባም እንዳይመጣ ብሎ አስምሎኝ ነበር። ሰው ለባሏ ሰሰተች ብሎ ስንት አማኝ።»

ጌንያ አፏን በእጇ ያዘች። ተራ ሳጥን፣ ያለ አበባ፤ ለአባቶቻችን ሁሉ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ልጇ እንደ ወገኖቹ ሊቀበር ፈልጎ፣ ሊቀብረው የሚገባው ወገን እንደሌለው ያውቅ ነበር። የሰውን ሁሉ እናትና ሚስት በእጇ ስታጥብ የኖረችው እናቱ ደግሞ የሱ ሬሳ ሲታጠብ ኬክ ትጋግር ነበር።

«ቤት አለኝ» አለች። «የአባቱ ነው። ልጅ ካላችሁ…»

«ልጅ የለንም። ቤቱንም አልፈልግም» አለች ኖሪን። «እሱም ቤት አልፈለገም። ያን ጊዜ ስልኩን ቢያነሡለት ነበር የፈለገው።»

ጌንያ የሞተበትን ቀን ብቻ ጠየቀቻት፤ ኖሪንም ነገረቻት። ኬኩ ሳይነካ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ወደ ካሪንጋ መመለስ ጀመሩ።

«ሰባት ቀን እቀመጥለታለሁ» አለች ጌንያ።

«አይቻልም» አለ ዚንድል ቀስ ብሎ። «መርዶው ከሠላሳ ቀን በኋላ ከደረሰ አንድ ሰዓት ነው። ልብስም አይቀደድም። ሕጉን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ለስንቱ ነግራዋለች። «በቁሙ ላለው ሰባት ቀን፣ ለሞተው አንድ ሰዓት!» አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ከልቅሶ ይብሳል። ዚንድል መኪናውን ዳር አስይዞ፣ ሳቁ ወጥቶላት እስኪያልቅ ጠበቃት።

ቤት ሲደርሱ ያችኑ በርጩማ ከደረጃው ሥር አወጣች። ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። ዚንድል ወለሉ ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ፤ ሐዘንተኛው ሳይናገር አጽናኝ አይናገርምና ዝም አለ። እሷም አልተናገረችም። ስልኩ ግድግዳው ላይ፣ ያኔ በነበረበት ቦታ ነው ያለው፤ ዐይኗን ከሱ ላይ አላነሣችም። ሰዓቱ ሲሞላ ዚንድል፣ «ተነሺ» አላት። ሕግ ነውና ተነሣች። ጉልበቷ እንቢ ስላላት እጁን ሰጣት።

በሳምንቱ ፊንክል ለቅሶ ሊደርስ መጣ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ወይዘሮ ጌንያ» ብሎ ተቀመጠ፤ እንዳይታወቅበት እየተጠነቀቀም ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ።

«ቤቱን ለምኵራቡ እናዘዛለሁ» አለች ጌንያ። «ወራሽ የለኝም። የልጄ ስም ግን ከአባቱ ጎን ሰሌዳው ላይ ይቀረጻል፤ አምፖሏም በእውነተኛው የሞቱ ቀን እንጂ ሞተ በተባለበት በሠርጉ ቀን አትበራም። በየዓመቱ ዐሥር ሰው ቆሞ ካዲሽ ይደረግለታል።»

ፊንክል ሻዩን አማሰለ። «ከሌይብ ጎን? ወይዘሮ ጌንያ፣ ሌይብ ራሱ እኮ…»

«ሌይብ አሁን ቤት የለውም። ቤቱ የኔ ነው።»

«ኮሚቴውን ላማክርና…»

«አማክር። ያረጁ ፈረሶችን የሚጦረው ድርጅትም ቤት ይፈልጋል አሉ።»

ፊንክል ሻዩን ሳይጨርስ፣ «ይቻላል» አለ።

ያኔ ለእምነት ብለው ያወጡትን ስም አሁን ለጡብ ብለው አስገቡት። ጌንያ ፊንክልን ናቀችው፤ ከሱ ይልቅ ግን ራሷን ናቀች። ቢሆንም ጠበቃው ሲመጣ ፈረመች፤ ጣሪያው ማፍሰሱን ካላቆመ የኪምም ስም ይዝጋልና።

ወይን ለቀማው ሲደርስ፣ በሞቱ ቀን ዋዜማ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አምፖሏ በራች። ናሱ አዲስ ስለሆነ ከሌይብ ይልቅ ያበራል። ጌንያ ከሴቶቹ ሰገነት ላይ ሆና ወንዶቹ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ አንድ በአንድ ሲገቡ አየች። ሁሉም መጥተዋል፤ ታምሞ የነበረው ሳይቀር መጥቷል። አንድ ሰው ከሜልበርን እንዲመጣላቸው ፊንክል ለምኖ ነበር፤ መኪናው ተበላሽቶበት መንገድ ላይ ቀረ።

እኛ ሰውን አንድ፣ ሁለት ብለን አንቆጥርም፤ ነውር ነው። ዐሥር ቃል ያላት አንዲት የመዝሙር ጥቅስ አለች፤ በየሰዉ ራስ ላይ አንድ አንድ ቃል እየጣሉ ይቆጥሩባታል። ሕዝብህን አድን፣ ርስትህንም ባርክ ትላለች። የመጨረሻዋ ቃል ዘላለም ናት። ዚንድል በጣቱ እየጠቆመ ጥቅሷን ጀመረ። ቃሉን በየሰዉ ላይ እየጣለ ሄደ፤ ራሱንም ጨመረ፤ ከዚያ የሚጠቁምበት ሰው አጣ። ዘላለም አፉ ውስጥ ቀረች።

«እንደገና ቁጠር» አለች ጌንያ ከላይ።

እንደገና ቆጠረ። እንደገና እዚያው ላይ ቆመ። ሰዎቹ ጫማቸውን ሲያዩ ቆዩ። ዐሥር ካልሞላ ካዲሽ አይባልም፤ ቤትም ቢሰጥ፣ ከተማም ቢሰጥ አይባልም።

«ዐሥረኛውን እኛው ነን የቀበርነው» አለች ጌንያ። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ባዶው ምኵራብ ግን ለሁሉም አዳረሰው። ወንዶቹ መጽሐፋቸውን እየዘጉ አንድ በአንድ ወጡ።

ፊንክል ለመዝጋት ወደ መብራቶቹ ሄደ። ትልልቆቹን አጠፋና እጁን ወደ ሰሌዳው፣ ወደ ኪም አምፖል ሲሰድ ዚንድል ከበሩ ላይ ተጣራ።

«እሷን ተዋት» አለው። «ተከፍሎባታል።»