የወለተ ሐና የጾም ማጣበቂያ

ሰቆጣ ውስጥ ወለተ ሐናን የማያውቅ ባለሞተር የለም። ድሮ፣ ባሏ አሳምነው በሕይወት ሳለ፣ የቄሶቹንና የባላገሩን የበቅሎ ኮርቻ እሱ ይሠራ፣ እሷ ትሰፋ ነበር። በቅሎው እያነሰ ሞተሩ ሲበዛ፣ አሳምነውም ሲያርፍ፣ እንግዲህ ይቺ ሴትዮ መርፌዋን ትሰቅላለች ተብሎ ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን ደጇ የቆመ ሞተር ዞር ዞር ብላ አየችና፣ "ይሄም ያው በቅሎ ነው፤ ገብስ አይበላም እንጂ" አለች። ከዚያ ወዲህ የተቀደደ የሞተር መቀመጫ ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚመጣው።

ዘንድሮ ሁዳዴ እንደገባ ከቆላው ከዝቋላ ለገበያ የወጡ ሰዎች ከእህቷ ከይታየሽ መልእክት አመጡላት። "ዓይኔ እየጨለመ ነው፤ ጨርሶ ሳይዘጋ መልክሽን ልየው" ይላል። እህትማማቾቹ ከአባታቸው ለቅሶ ወዲህ አልተያዩም። ምን አጣላችሁ ቢባሉ ሁለቱም በቅጡ አይናገሩም፤ ብቻ አንዷም እሷ ንቃኝ ነው፣ ሌላዋም እሷ ንቃኝ ነው ትላለች። ወለተ ሐና መልእክቱን ሰምታ ጓዳ ገባችና ስታለቅስ ቆየች። ዓይኗን ጠራርጋ ስትወጣ፣ ሰው በሞተር እያመላለሰ የሚያድረውን የጎረቤቷን ልጅ ንብረትን ጠራችው።

"ዝቋላ ታደርሰኛለህ?"

"ምን ችግር አለው፣ እማማ! ነገ በጠዋት እንነሣለን።"

"በዚህ ላይ?" አለችና የሞተሩን መቀመጫ አየችው። ልባሱ ተተርትሮ ስፖንጁ ተዘርግፏል። "እህቴ እኮ በዓይኗ ልታየኝ ነው የጠራችኝ። ጭዱ በሚፈስ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ስመጣ ትየኝ? መጀመሪያ ይታደስ።"

መስፋቱስ ለእሷ ምን አላት። ችግር የሆነው ማጣበቂያው ነው። ልባሱ ከስፖንጁ ጋር ካልተጣበቀ ይንሸራተታል፣ ይጨማደዳል፤ ወለተ ሐና ደግሞ የተጨማደደ ነገር ላይ ተቀምጣ እህቷ ደጅ አትደርስም።

የሞተር ዕቃ ከሚሸጥ ገበያው ከሚባል ነጋዴ ሱቅ ሄደች። ገበያው የማስቲሽ ቆርቆሮ ከፈተላት። ሽታው አናቷ ላይ ወጣና የሱቁን መዝጊያ ይዛ ቆመች።

"ይሄን ተሸክሜ ዝቋላ ስደርስ ሰክራ መጣች ሊሉኝ ነው?"

"ሲደርቅ ይለቃል፣ እትዬ። በሁለቱም ወገን ስስ አድርገው ይቀቡና ጣት የማይዝ እስኪሆን ይተዉታል፤ ከዚያ መጫን ነው። አለቀ!"

"የዚያን የመምህሩን የሞተር ስፖንጅ የበላው ይሄው ማስቲሽ ነው! አመድ አይደል ያስመሰለው!"

"እሱማ እንደ ሽሮ አፍስሶበት ነው! ይልቅ ይሄኛውን ይውሰዱ፤ ሙቀት ይችላል።"

"ሰቆጣ ላይ ምን ሙቀት አለ?" አለች ወለተ ሐና፣ ጋቢዋን ወደ ትከሻዋ እየሳበች።

ገበያው ነገሩን ወደ ጨዋታ አመጣው። "እንግዲያው የባልዎን ሙጫ ይሥሩ!"

የአሳምነው ሙጫ የበሬ ቆዳ ቁርጥራጭ ተቀቅሎ የሚወጣ ነው። ወለተ ሐና አማተበች። "በሁዳዴ? ሥጋ ቀቅዬ ቤቴን ላገማ? ደግሞ እሱ ላይ ተቀምጬ ልሂድ?"

አብሯት የሄደው ንብረት መሣቅ ፈለገና ፈራ። "እማማ፣ አይበሉት እኮ፤ ሊቀመጡበት ነው።"

"የመቀመጫዬን ጾም አንተ አትፈታልኝም!"

"ቄሶቹስ በቆዳ ኮርቻ ይቀመጡ የለም እንዴ?" አለ ገበያው።

"ያ ደረቅ ነው። ይሄ ይፈላል" አለችና ነገሩን ዘጋችው።

እቤቷ ተመልሳ አሰበች፣ አሰበችና የጾም ማጣበቂያ አገኘች። ሰም! ሰም ንጹሕ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚበራ ነው። ከየጎረቤቱ የጧፍ ጉራጅ ለመነች፤ አልበቃ ሲል ከንብ አርቢዎቹ እንጎቻ የሚያህል ሰም አስመጣች፤ የግራር ሙጫ ፈጭታ ጨመረችበትና አቀለጠችው። ንብረት በየቀኑ እየመጣ "ደረሰ ወይ?" ይላል። "የቸኮለ በእግሩ ይሂድ" ትለዋለች። በዚህ መሐል ገበያ ቆመ፣ ተፈታ፤ እንደገና ቆመ፣ ተፈታ። ከዝቋላ የመጡት ሰዎችም "ይታየሽ ትጠይቃለች" ብለው ተመለሱ።

መጨረሻ ላይ መቀመጫው ተለበሰ። ወለተ ሐና በጣቷ አንጓ አንኳኳችው፤ እንደ በር ጮኸ። ንብረት ተቀመጠበትና፣ "እማማ፣ ይሄስ ድንጋይ ሆኗል" አለ። እሷ ይህን ምስጋና አድርጋ ወሰደችው።

በበነጋው የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ወለተ ሐና ቆላ ተወልዳ ቆላ ያደገች ሴት ናት። ግን ሰቆጣ ከገባች ወዲህ ብርዱን ለምዳ የቆላውን ሙቀት ረስታዋለች። ቁልቁለቱ ሲያልቅ፣ የማሽላው አገዳ በግራ በቀኝ ሲመጣ፣ ፀሐይዋም አናት ላይ ስትወጣ፣ ከሥሯ አንድ ነገር ሞቅ አላት። ሞተሩ ነው አለች። ሞቅታው ረጠበ። እሱንም ሞተሩ ነው አለች።

የይታየሽ መንደር ሲደርሱ ንብረት ሞተሩን አቆመ።

"ይውረዱ እንጂ፣ እማማ።"

"ወርጄ የለ!"

"አልወረዱም።"

ሰሙ ቀልጦ በኋላ በኩል በስፌቱ ቀዳዳ ሁሉ ወጥቶ ቀሚሷን ከመቀመጫው ጋር አንድ አድርጎታል። ፍየል የምትነዳ ሴት ቆማ ታያቸዋለች፤ ፍየሎቹም ቆመዋል። ንብረት በብብቷ ገብቶ አነሣት፤ ቀሚሱ ትርርር ብሎ ለቀቀ። ኋላዋ እስከ ጉልበቷ ቢጫ ሆኗል። በአገሯ ቋንቋ በኽምጣኛ ለንብረት መተርጎም የማይገባ ነገር ተናገረችና ነጠላዋን ከወገቧ በታች አሸረጠች። ኋላዋ እንዳይታይ በጎኗ እየሄደች እህቷ ግቢ ገባች።

ይታየሽ ደጃፉ ላይ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ተቀምጣለች። ወለተ ሐና ፊት ለፊቷ ቆመች። ይታየሽ አየት አላደረገቻትም።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ። ወለተ ነኝ።"

ይታየሽ እጇን ዘረጋች። "ዘገየሽ፣ እህቴ። ያለፈው ገበያ እንኳ ሰው ሲመጣ ጥላው ይታየኝ ነበር።"

ያለፈው ገበያ ወለተ ሐና የጧፍ ጉራጅ ስትለምን ነበር። እህቷ ፊት ተንበረከከች። ይታየሽ በእጇ ፊቷን ዳበሰች፣ ትከሻዋን፣ ወገቧን፤ ቀሚሱ ላይ ስትደርስ እጇ ተጣበቀ።

"ይሄ ምንድን ነው? ጧፍ ጧፍ ይላል። ስለት ነበረብሽ?"

ወለተ ሐና ነገረቻት፤ ማስቲሹንም፣ የበሬ ቆዳውንም፣ ጾሙንም። ይታየሽ ሣቋ መጣና ግድግዳውን ተደገፈች። "ዝቋላ እንደሚሞቅ ያልሰማሽ አንቺ ብቻ! ይሄንን ሁሉ ለኔ ዓይን?"

"ላንቺ ዓይን።"

ንብረት ከውጭ ተጣራ። "እማማ፣ ሳይመሽ እንመለስ?"

"አንተ ሂድ!" አለችው። ሰሙ የፈሰሰበት መቀመጫ እሱን ደግሞ እንዴት እንደሚይዘው አላሰበችም።

ይታየሽ የእህቷን ቀሚስ ጭኗ ላይ ስባ ሰሙን በጥፍሯ መፋቅ ጀመረች። "በይ፣ አሁን መልክሽን ንገሪኝ።"

"ምኑን ልንገርሽ፤ አርጅቻለሁ።"

"እሱንማ እኔም አርጅቻለሁ። ሌላውን።"

ወለተ ሐና ሰው ፊት ሳትቆጠብ ስለራሷ የምታወራ ሴት ነበረች። አሁን ግን ከየት እንደምትጀምር ጠፋትና ግንባሯን ዳበሰች፤ ከዚያም ቀስ ብላ፣ "ግንባሬ የእናታችንን መስሏል" አለች።