ሽጉጥ ይዤ ብድግ ያልኩ ዕለት

ሰው ሁሉ ስደቱን ሲያወራ "ሌሊት ወጣን" ብሎ ይጀምራል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በምሳ ሰዓት ነው። የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነበርኩ። ወድጄ እንዳይመስላችሁ፤ ከየቤቱ አንድ ወጣት ይውጣ ተባለ፣ በቤታችን ያለሁት ወጣት ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠመንጃው ለቁመቴ ስለረዘመ ሽጉጥ ሰጡኝ፣ መፍታትና መግጠም አስተማሩኝ፣ በቀበሌው በር ላይ ወንበር አስቀመጡልኝና "ዘብ ለማንም አይነሣም" አሉኝ። አንድ ቀን ፊደል ያስቆጠሩኝ ጎረቤታችን አባባ ንጋቱ የስኳር ካርዳቸውን ይዘው መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው "ደህና ዋልሽ ልጄ" አሉኝ። እኔ ሽጉጡን ጭኔ ላይ እንዳደረግሁ፣ ቁጭ ብዬ "ይለፉ" አልኳቸው።

እናቴ ይህን ሰምታ ሳምንት ሙሉ አላነጋገረችኝም። ከዚያ "ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ቤት ለቤት ፍተሻ ትወጫለሽ" የሚል ትእዛዝ ሲመጣ፣ እሷው ራሷ የሽንኩርት ጭነት መኪና ሾፌር ለምና አገኘችልኝ። የዚያን ቀን ለምሳ ስወጣ ሽጉጡን ወንበሩ ላይ ትቼ ወደ ቤት ሄድኩ። ሽሮዬን በላሁ። እናቴ በር ድረስ ሸኘችኝና "በምትሄጂበት አገር ለትልቅ ሰው ተነሺ" አለችኝ። አላለቀሰችም፣ እኔም አላለቀስኩም፤ ልቅሶው የመጣው ጎንደር ስንደርስ ነው።

ከጎንደር ወዲያ በእግር ነበር፣ ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ካርቱም የሰው ቤት ማጽዳት። ካርቱም ላይ አሰፋን አገባሁ። የአብዮት ጥበቃውን ነገር አልነገርኩትም፤ እሱን የአብዮት ጥበቃ ነው ያሳደደው፣ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? የአሰፋ አጎት ጋሽ ወርቅነህ ሳን ሆዜ ነበሩና ስፖንሰር አፈላልገው አስመጡን። ኦክላንድ ገባን። ነሐሴ ነበር፤ ካሊፎርኒያ ፀሐይ ነው ሲሉን ኖረው ብርዱ እንደኛው ነሐሴ ሆኖ ጠበቀን፣ የጎደለው ዝናቡ ብቻ ነው።

ፍሩትቬል የሚባል ሰፈር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየን። ወተት፣ ሲጋራ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ባቄላ፣ ሜክሲኮዎቹ ሳይበሉ የማይውሉት ቶርቲያ የሚባል ቂጣ። ቂጣው አይከፋም፤ ግን ስስ ስለሆነ ወጥ ሲነካው ይቀደዳል፣ እኔም በየቀኑ በሱ እናደዳለሁ። አሰፋ ማታ ማታ ፓርኪንግ ይጠብቃል። ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ብቻዬን ካሽ ሬጂስተሩ ኋላ የምቀመጠው እኔ ነኝ። የበሩ ደወል ሲጮኽ፣ የገባው ትልቅ ሰው ከሆነ ከበርጩማዬ እነሣለሁ። ሚስ ኦላ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት፣ በየቀኑ እንቁላል የሚገዙ፣ መጀመሪያ ሰሞን "ሃኒ፣ እኔ ስመጣ ሁልጊዜ የምትሄጂው የት ነው?" ይሉኝ ነበር። አሁን ገብቷቸው በከዘራቸው እያመለከቱ "ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ" ይሉኛል፤ የኛ ሰው ሆኑ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ገባ። ተነሣሁና "ጉድ ሞርኒንግ ሰር" አልኩት። ሰውዬው ከጃኬቱ ሽጉጥ አወጣ። እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ እሱም ግራ ገብቶት ትንሽ አየኝና "ሲት ዳውን፣ ማም" አለኝ። ተቀመጥኩ። መሳቢያውን ባዶ አደረገ፣ ሁለት ፓኮ ሲጋራ ጨመረ፣ ሲወጣ "ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ" ብሎኝ ሄደ።

አሰፋ ሲመጣ ያናደደው ሽጉጡ አይደለም።

"ለሌባ ብድግ ትያለሽ?"

"ሽበት ነበረው።"

"ሽበት! ሲገድልሽም ይቅርታ ልትጠይቂው ነው?"

ሱቁን ያከራየንን ላንድሎርድ ጥይት የማይበሳው መስታወት ያስገባልን ዘንድ ለመንነው። መስታወት ሰፈሩን መጥፎ ሰፈር ያስመስለዋል አለን። "ሌባውስ ምን ያስመስለዋል?" አልኩት። እሱም "ሌባው የኔ ተከራይ አይደለም" አለኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወንዶቹ አሰፋን ከበቡት። በዚህ አገር ዲሽ ዋሸር ሆኖ ሳህን የሚያጥብ፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ሁሉም ለካ የመሣሪያ ባለሙያ ኖሯል። አንዱ ትልቁን ግዛ አለ፣ አንዱ ለሴት ትንሿ ናት የምትሻለው፣ ኮምፓክት የምትባል አለች፣ ከሬጂስተሩ ሥር ትገባለች አለ። በርጩማው ላይ የምቀመጠው እኔ ሆኜ ሳለ አንቺስ ምን ትያለሽ ያለኝ አንድም አልነበረም። የፈራሁት ሌባውን ብቻ አልነበረም፤ ያቺን ነገር እንደገና በእጄ መያዝ ነበር።

በሳምንቱ ሳን ሆዜ ሄድን። መሣሪያ ቤቱ ከጋሽ ወርቅነህ ቤት ሩቅ አይደለም፣ ምሳም እሳቸው ዘንድ ተጠርተን ነበር። ሻጩ ፎርም አቀበለኝና ጥያቄዎቹን አብሮኝ ማንበብ ጀመረ።

"ከፍትሕ የሸሸሽ ነሽ?"

"ሸሽቻለሁ፤ ፍትሕ ግን እዚያ አልነበረም።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "የስ ወይስ ኖ?"

"ኖ በይው፣ ኖ በይው" አለ አሰፋ በክርኑ እየጎሸመኝ።

"የአእምሮ ሕመም ነበረብሽ?"

"ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት አልነበረብኝም።"

"ኖ" አለ አሰፋ በኔ ፋንታ።

ፎርሙን ፈርሜ ስጨርስ ሻጩ ዐሥራ አምስት ቀን ጠብቀሽ ነው የምትወስጂው አለኝ። ሌባው ግን ዐሥራ አምስት ቀን እንዲጠብቅ ማን ይነግረዋል? እስከዚያው ግን የመረጥናትን ትንሿን የምትመስል ተከራይቼ፣ ከጓሮ ባለው ሬንጅ በሚሉት የተኩስ መለማመጃ መሞከር እንደምችል ነገረኝ። ጆሮ መሸፈኛና መነጽር ሰጠን፤ ረጅም ኮሪደር የሚመስል ክፍል፣ በጠባብ ሳጥን ሳጥን የተከፋፈለ፣ ከፊት ወረቀት ላይ የተሳለ ሰው።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ልትገዙ ካሰባችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ። መዳፍ ታክላለች፣ ስትታይ ታምራለች፣ በመጎናጸፊያ ሥር አትታወቅም። ጉዱ ስትይዟት ነው። እጀታዋ አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት የምትይዘው አጥታ ትንጠለጠላለች። የላዩን ብረት ወደ ኋላ ስቦ ለማቀባበል የወፍጮ ጉልበት ይጠይቃል፤ የፈራ ሰው፣ እጁ ያላበው፣ በፍጹም አይስበውም። ስትተኩሱ ያው ብረት ወደ ኋላ ሲመለስ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ያለውን ቆዳ ይነክሳል፤ ጠባሳው ዛሬም አለኝ። ማነጣጠሪያዋ ምስር ታክላለች፣ እኔ ደግሞ ምስር የምለቅመው ተቀምጬ ነው። ቃታዋ መጀመሪያ ሲስቡት እንቢ ይላል፣ ሁለተኛው ላይ ሳታስቡት ያመልጣል። በሦስተኛው ጥይት ባዶው ቀለህ ሳይወጣ መውጫው ላይ ቆሞ ቀረና ተኩሱ ቆመ።

አሰፋ ሰውዬውን ልጥራ ብሎ ዞረ። እኔ ሳላስበው የጥይት ካዝናውን አወጣሁ፣ ብረቱን ሳብኩ፣ ቀለሁን አራገፍኩ፣ ካዝናውን መለስኩ፣ በመዳፌ መታሁትና እንደገና አቀባበልኩ። ዘጠኝ ዓመት ያልነካሁትን ነገር እጄ ብቻውን ሠራው። ከዚያ የቀሩትን ተኮስኩ። ሦስቱም የወረቀቱ ሰው ደረት ላይ ገቡ።

አሰፋ የጆሮ መሸፈኛውን አንሥቶ ያየኛል። "ማን አስተማረሽ?" አለኝ።

"ዝም ብለህ ጥይቱን አቀብለኝ።"

ምን ልበለው? ስድስት ጥይት አቀበለኝ፣ ሞላሁ። አራቱን ተኮስኩ። ይኼኔ በዐይኔ ጥግ ጋሽ ወርቅነህን አየሁ። ምሳው ሊቀዘቅዝ ነው ብለው ሊጠሩን መጥተው ኖሯል፤ የጆሮ መሸፈኛውን ከባርኔጣቸው ላይ ደርበውታል፣ በትከሻቸው ነጠላ ጣል አድርገዋል። ወደ አሜሪካ ያመጡን ሰው፣ የሰባ ዓመት ሽማግሌ።

ዞርኩ። እንደ ልማዴ ግራ እጄን ከቀኝ ክንዴ ሥር አድርጌ፣ ቀኝ እጄን ዘርግቼ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ "ደህና ዋሉ ጋሽ ወርቅነህ" አልኩ። በቀኝ እጄ ሽጉጡ አለ። ጥይት ጎርሷል፣ አፈሙዙ የእሳቸው ሆድ ላይ ነው።

እሳቸው አልሸሹም። ባርኔጣቸውን ከነጆሮ መሸፈኛው አወለቁና ጎንበስ አሉልኝ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን ዋልሽ ልጄ" አሉ። ፊቴ የቆሙት አባባ ንጋቱ መሰሉኝ። ያን ጊዜ ቀና ብዬ ያላየሁትን ፊት ነበር ያየሁት።

የሬንጁ ሰውዬ እየጮኸ መጥቶ አንጓዬን ያዘ፣ ወደ ወረቀቱ አዞረው፣ ሽጉጡን ከጣቶቼ አንድ በአንድ አላቀቀ። "ውጡ። ሦስታችሁም ውጡ።"

"ምን አደረገች?" አሉት ጋሽ ወርቅነህ።

"ሽጉጥ ደቅናብህ ነበር፣ ሰር!"

"እሷ? ሰላም እያለችኝ ነው እንጂ። ደግሞ ሴት ልጅ ላይ አይጮኽም።"

ምሳ ላይ ማንም ሬንጁን አላነሣም። ጋሽ ወርቅነህ ሲያጎርሱኝ ግን ጉርሻው በእጃቸው ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

"ፈርተው ነበር?" አልኳቸው።

"ምን ያህል!"

"ታዲያ ለምን ዞር አላሉም?"

"ብሸሽ ታፍሪያለሽ ብዬ ነዋ" አሉና ጉርሻውን አፌ ውስጥ ከተቱት።

ወደ ኦክላንድ ስንመለስ ለአሰፋ ሁሉንም ነገርኩት፤ ወንበሩን፣ አባባ ንጋቱን፣ ሽጉጡን ትቼ ሽሮ የበላሁበትን ቀን። ሳን ሊያንድሮ የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ ጠየቀኝ።

"እኔም ያን ቀን በዚያ በር ባልፍ አትነሺልኝም ነበር?"

"አልነሣም ነበር።"

"እና አሁን ምን እናድርግ? ባዶ እጅሽን ልተውሽ?"

"እኔ ሽጉጥ ከሥሬ እያለ ለሰው መነሣት አልችልም፣ አሰፋ። ደወሉ በጮኸ ቁጥር እጄ የሚሄደው ወደሱ ነው። ሚስ ኦላ እንቁላል ሊገዙ ገብተው አንድ ቀን..." ጨርሼ አልተናገርኩትም።

"ቀጥሎ የሚገባው ሽበታም እንደዚያ ሌባ ከሆነስ? ተኩሶ ቢሄድስ?"

ብቻ አልፈልግም አልኩት፣ አሰፋም ተናደደ፤ ንዴቱ እስካሁን አልበረደም። ከፓርኪንጉ ሲወጣ ወደ ቤት መሄዱን ትቶ ከሱቁ ጓዳ ታጣፊ አልጋ ዘርግቶ ይተኛል። ጠባቂዬ ነው አሉ። ጠባቂዬ ከሲጋራ ካርቶን ኋላ ሆኖ ያንኮራፋል፣ ደንበኛ ሁሉ ፍሪጁ የተበላሸ እየመሰለው ይጠይቀኛል።

ዐሥራ አምስቱ ቀን ነገ ይሞላል። ወረቀቱ በአሰፋ ኪስ ነው። ትወስደኛለህ ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም።

ዛሬ ጠዋት ለእናቴ ደወልኩላት። እዚያ መሽቷል፤ ጎረቤት ቤት ሄዳ ነው የምትጠብቀኝ፣ ስለዚህ ሰው እየሰማት እንደሆነ ሁልጊዜ ቀድማ ትነግረኛለች።

"ሰዎቹ ሁሉ ደህና ናቸው፣ እዚሁ አጠገቤ ናቸው" አለች።

"አባባ ንጋቱስ?"

"ዐርፈዋል፤ ልጽፍልሽ ነበር" አለችኝ። "አንቺስ? ሱቁ እንዴት ነው? ብቻሽን ነሽ?"

"አሰፋ አለ እማዬ። ተኝቷል።"

"በሥራ ሰዓት?"

ስለ ሌባውም፣ ስለ ጋሽ ወርቅነህም፣ ነገ ስለሚሞላው ቀንም ልነግራት ፈልጌ ነበር። አባባ ንጋቱ ስለኔ አንድም ቀን አንሥተው ያውቁ እንደሆነ ልጠይቃትም ፈልጌ ነበር። እሱን ልጠይቃት አፌን ስከፍት የበሩ ደወል ጮኸ። የሚገባውን ሰው የዕቃ መደርደሪያው ስለከለለው አላየሁትም፤ የሚታየኝ የባርኔጣው ጫፍ ብቻ ነው። ጓዳ ውስጥ ማንኮራፋቱ ቀጥ አለ።

"ደወል ነው የሰማሁት?" አለች እናቴ። "ሰው መጥቶብሻል መሰለኝ። ተነሺ እንጂ።"

ስልኩን በግራ እጄ እንደያዝኩ ተነሣሁ።