ፔዳሉን እንዳትለቀው

እስካሁን ድረስ ንዴቱ አልወጣልኝም። እሑድ ጧት የእህቴ ባል ከሳንጃ መንገድ ዳር ካለው መንደራቸው ሌሊቱን በእግሩ ገስግሦ ቁስቋም እቤቴ ድረስ መጣ። እህቴ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት፤ አዋላጆቹም «ከእኛ በላይ ነው፣ ሐኪም ቤት አድርሷት» ብለዋል። እኔ ያኔ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ እነዳ ነበር። እሷም ቀን ጠብቃ ፍሪሲዮኗ እምቢ ብሏል፤ ፔዳሉን ስትረግጠው ገንፎ የረገጥህ ይመስልሃል፣ ማርሽ የሚባል አይገባም።

ዘይቱን የሚያፍነውን ላስቲክ፣ ጎሚኒውን፣ ዋዜማውን ቀይሬዋለሁ። የቀረው ከዘይት ቧንቧው አየሩን ማስወጣት ነው፤ ይህ ደግሞ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ አንዱ ከሥር ተኝቶ ብሎኑን ላላ ያደርጋል፤ ዘይቱ አየሩን ይዞ ይወጣል፣ ብሎኑ ይጠብቃል፣ እግር የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ብሎኑ ሳይጠብቅ እግር ከተነሣ አየሩ ተመልሶ ይገባል። አማቼን መሪው ፊት አስቀምጬ ይህንኑ ነገርሁት።

«አያ፣ ‹ልቀቅ› እስክልህ ሰማይ ቢወድቅ እግርህን እንዳታነሣ!»

«እሺ ወንድሜ» አለኝ።

ከሥር ገባሁ። ረገጠ፤ ብሎኑን ላላ ሳደርገው ዘይቱ ፊጭ አለ፤ ወዲያው መልሶ አየር ሳበ።

«ለቀቅኸው እንዴ?»

«ኧረ ይዤዋለሁ!»

ደገምነው፤ ያው። ዘይቱ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል፣ ጠጠሩ ጀርባዬን ይበላኛል፣ እህቴ እዚያ ታምጣለች። ጎሚኒውን የሸጠልኝን ሰው ከነዘር ማንዘሩ ሰደብሁት።

በመጨረሻ ብሎኑን እንደ ከፈትሁ አንገቴን ብቅ ባደርግ ሰውዬው ቆሟል! ከማኪናው ወርዶ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። ለካ ቅዳሴ ወጥቶ ኖሯል፤ አንድ ሽማግሌ በበሩ ባለፉ ቁጥር ብድግ እያለ «እንዴት አደሩ?» ይላል።

«አንተ ሰው፣ አብደሃል?» ጮኽሁበት። «ሚስትህ ልትሞት ነው፣ አንተ እጅ ትነሣለህ?»

«ምነው ወንድሜ፣ ለአፍታ እኮ ነው፤ ወዲያው መልሼ እረግጠዋለሁ። ትልቅ ሰው ሲያልፍ ተቀምጬ ልይ? አሳዳጊ የበደለኝ ነኝ?»

«ይሉኝታህ ገደል ይግባ!» አልሁት።

እጅ የነሣቸው ሽማግሌ ነገሩ ሲገባቸው ደነገጡ። «ተቀመጥ ልጄ፣ ተቀመጥ!» ብለው፣ በሩ ላይ ቆመው ምእመኑን በከዘራቸው ወዲያ ማዶ መለሱልን። ያን ጊዜ ነው ፔዳሉ የጠነከረው።

ከከተማው መውጫ ያለችውን ወለቃን እንዴት እንዳለፍሁ አላውቅም። እህቴን አምጥተን ሐኪም ቤት አስገባናት። እሷ ተረፈች፤ ልጁ ሞቶ ተወለደ። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን...» አለ። ጎረቤቱ ሁሉ «የእግዜር ፈቃድ ነው» ሲል ደሜ ይፈላ ነበር። ምን የእግዜር ፈቃድ ነው! እግዜር ፔዳል ልቀቅ አላለውም።

እህቴ ነፍስ ዘርታ መናገር ስትጀምር መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ምነው ዘገያችሁ?» ብላ ነው። ባሏ ከግርጌዋ ቆሟል። ልዘረግፈው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እሷ ነገ ከዚህ ሰው ጋር ነው ቤቷ የምትገባው።

«ማኪናዋ ናት» አልሁ፤ «ማኪናዋ እምቢ አለችን።»

«እሳት ይብላት!» አለች እህቴ።

ባሏም «አሜን» አለ።