ማን አለኝ

ስልክ ሲጮህ እንደ ሰው «ሃሎ» ማለት እስከዛሬ አልሆነልኝም። «አቤት!» ነው የምለው። ልጄ ከሚኖርበት ከጀርመን አገር እሑድ እሑድ ሲደውል፣ የልጅ ልጆቼ ይህችን ቃል ለመስማት ተሻምተው ስልኩ ላይ ይደፋሉ። «አቤት!» ስል ሳቃቸውን ይለቁታል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምክንያቱን ግን ነግሬያቸው አላውቅም። በጠላት ጊዜ ልጆች ሆናችሁ የኖራችሁ ትረዱኛላችሁ። ያኔ የዘመድ ድምፅ ከሩቅ አገር የሚመጣው በሰው አፍ ተጭኖ ነበር፤ እንደ ማንኛውም ጭነት ደግሞ መንገድ ላይ ይጎድላል።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከቁይ ገበያ ወረድ ብሎ ነበር። አባቴ ማር፣ ሰምና ቆዳ በበቅሎ እየጫነ መተማ ድረስ የሚወርድ ሲራራ ነጋዴ ነው። ከመንገድ ሲመለስ ከእሱ ቀድሞ የሚገባው ሽታው ነበር፤ የበቅሎ ላብ፣ የጠፍር፣ የሰም። ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች ተወልደው አላደጉም። እኔን እናቴ እናኑ አለችኝ። አባቴ ግን ታቅፎኝ «ካንቺ ወዲያ ማን አለኝ፣ ማን አለኝ» እያለ ሲያባብለኝ ቃሉ ስም ሆኖ ቀረ። «ማን አለኝ!» ይለኛል፤ «አቤት!» እላለሁ።

እናቴ ይህን ስም ከቶ አልወደደችውም። «ኧረ ተው አንተ ሰውዬ፣ አታሟርትብኝ! ሌላ አይስጠን ማለትህ ነው?» ብላ አንድ ቀን ክፉኛ ስለተቆጣችው እቤት ውስጥ መጥራቱን ተወ። በቅሎዎቹን ውሃ ልናጠጣ ወንዝ ስንወርድ ግን እናኑ የምትባለዋ ልጅ እቤት ትቀራለች። ከማዶ ቆሞ ይጣራል፤ ገደሉም ተቀብሎ ስሜን ይደግመዋል። እኔ ሁለቱንም አቤት እያልኩ እሮጣለሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የተፈለግሁ መስሎኝ አያውቅም።

ጣሊያን ማርቆስ ገብቶ ምሽጉን ከሠራ በኋላ አባቴ ለአርበኞች ጥይት ያመላልሳል ተብሎ ተጠቆመ። እውነትም ያመላልስ ነበር። ሊይዙት እንደሆነ ሲሰማ ወደ ሱዳን ለመሻገር ተነሳ። የዚያን ዕለት ጠዋት በረቱ ጓሮ ወስዶኝ ሲንበረከክ ዓይን ለዓይን ተያየን። ወረቀት የተገኘበት ሰው ስለሚሰቀል ደብዳቤ እንደማይጽፍ፣ ቃል ብቻ እንደሚልክ ነገረኝ። የዚያን ጊዜ ቃል የሚያመጣ ሰው ምልክት ይዞ መምጣት ነበረበት፤ የቤቱ ሰው ብቻ የሚያውቀውን አንድ ነገር። ምልክት የሌለው መልክተኛ ባንዳ ሊሆን ይችላል። «የምልከው ሰው በስማችን ይጠራሻል» አለኝ፤ ለእናቴ ግን ይህን አልነገራትም ነበር። «አንቺ አቤት በይ። ያን ጊዜ እናትሽ ቃሉ ኸእኔ እንደሆነ ታውቃለች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ መጠበቅ ሆነ። አኩኩሉ ስንጫወት እንኳ ሩቅ መደበቅ ተውኩ፤ ብጠራስ? ልጆቹ ቶሎ እያገኙኝ ሰለቹኝ። ኋላ ደግሞ መጫወቱም ቀረ፤ ቤታችን ሱዳን የገባ ሰው ቤት ነውና እናቶቻቸው ከለከሏቸው። ወንፊት የሚያውሰን ጠፋ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ እናቴ ስትቀመጥ ከጎኗ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ፈቀቅ ይሉ ነበር። ጥላቻ እንዳልነበር ዛሬ ይገባኛል፤ ፈርተው ነው። ለልጅ ግን ያው ነው።

መልክተኛው የመጣው በመኸር ወቅት ነው። እሳታችን ጠፍቶ በገል ፍም እንዳመጣ እናቴ ከላይ ሰፈር ልካኝ ነበር። ስመለስ ደበሎ የለበሰ የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ ከደጃችን ሲወጣ አገኘሁት። እናቴ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች። «አባትሽ ደህና ነው አሉ» አለችኝና ፍሙን ተቀበለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። እኔም ማንም በስሜ ስላልጠራኝ የመጣው ቃል የአባቴ እንዳልሆነ ቆጠርኩት።

የተባለውን ያወቅኩት ኋላ ነው። ተማሪው እንደ ወጉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ገባ፤ ሰው አለመኖሩን አየና የሱዳኑን ቃል ነገራት። ቃሉ ከመተማ ማዶ ለአንድ ነጋዴ፣ ከነጋዴው ዳንግላ ላለ ዘመዱ፣ ከዘመዱ ቅኔ ሊቀጥል ወደ ዲማ ለሚወርደው ለዚህ ተማሪ ተሰጥቶ ነው የደረሰው። «ባለቤትዎ ‹ደህና ነኝ፤ ማን አለኝ› ብለዋል እመይቴ» አላት። «ምልክትስ?» አለችው። «ሌላ ቃል አልተሰጠኝም።» ምልክቱን ተናግሮ ምልክት የለኝም ማለቱ ነበር። ‹ለልጄ በሏት› የሚለው ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የሆነ ቦታ ወድቋል። ቅኔ ሲፈታ የሚውል ሰው እንኳ ወርቁን ተሸክሞ መጥቶ ሰሙን ብቻ አራግፎ ሄደ።

እናቴ የሰማችው እንግዲህ የከዳ ባል ቃል ነው። ደህና ነኝ፤ እዚያ ማን አለኝ! መተማ የሚወርዱ ነጋዴዎች እዚያው ሌላ ሚስት ያገባሉ የሚለውን ወሬ ሰምታ ታውቃለች። እናም ተማሪው መልስ ቢጠይቃት «እኔም ማን አለኝ ብላለች በልልኝ!» አለችው። ከወር በኋላ ወደ ዳንግላ ስለሚመለስ እንደሚያደርስላት ቃል ገብቶ ወጣ። እኔ ፍም ይዤ የደረስኩት ይህን ጊዜ ነው።

ወንድሟ ደጀን ነበር የሚኖረው። ከዚያ በፊትም ነይ እያለ ሲልክባት እምቢ ትለው የነበረችው ሴት አሁን እሺ አለች። ቤቱ ሊዘጋ፣ እኛም ደጀን ልንገባ፣ እሷም ውላ አድራ ወንድሟ ላሰበላት ሰው ልትዳር ነው። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚህ ቤት ከሄድን የአባዬ መልክተኛ ሲጣራ አቤት የሚለው ሰው የለም። ይህን ለእናቴ መናገር ፈራሁ፤ ያ ስም የሚያስቆጣት ስም ነውና። ወደ ወንዙ መንገድ ሳይ እውል ነበር።

ወንድሟ አህዮቹን ይዞ ሊመጣ ሲቃረብ እናቴ የመንገዱን ስንቅ ልትፈጭ ወፍጮ ላይ ተቀመጠች። እኔ ደጅ ስጥ እየጠበቅኩ ዶሮ እከላከላለሁ። የወፍጮው ድምፅ፣ የተፈጨው ገብስ ሽታና የእናቴ እንጉርጉሮ በግድግዳው ስንጥቅ አብረው ይወጣሉ። ሴት ሆዷ ያለውን ለሰው የማትነግረውን ለወፍጮ ትነግረዋለችና፣ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

«መተማን ተሻግሮ ሜዳ ላይ ጣለኝ፤
እሱም ማን አለኝ አለ፣ እኔስ ማን አለኝ!»

የመጨረሻውን ቃል ስባ አወጣችው። እኔ ግጥሙን አልሰማሁም፤ ስሜን ነው የሰማሁት። «አቤት!» ብዬ ስጡን ረግጬ ዘለቅኩ። በሩ ኋላ አየሁ፣ መደቡ ላይ አየሁ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች እናቴ።

«አባዬ ጠራኝ። መልክተኛው የታለ?»

«ማንም አልጠራሽም። ምን ብሎ ይጠራሻል?»

«ማን አለኝ ብሎ ነዋ!»

መጁ እጇ ላይ ቆመ። ጓሮ ያለኝን ሁሉ አንድ በአንድ አስነገረችኝ፤ ደጋግማ አስነገረችኝ። ከዚያ ዱቄት የነካው እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ወንድሟ አህዮቹን እየነዳ ሲደርስ ስንቁ ከስልቻው ተገልብጦ ነበር። አልሄድም አለችው፤ ምልክት ደርሶኛል። ማን አመጣው ቢላት ወደ እኔ ጠቆመች። ተሳድቦ ባዶ አህዮቹን እየነዳ ተመለሰ።

የላከችው መልስ ግን እንቅልፍ ነሳት። እኔን አስከትላ ዲማ ድረስ በእግር ሄደች፤ ተማሪው ወደ ዳንግላ ከተመለሰ ሰንብቷል። ሌላ የሚሄድ ሰው አፈላለገች፤ በዚያ መንገድ ውጊያ ተነስቶ ሰው አላልፍበት አለ። ያን ቃል የሚያስመልስላት አጣች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት እሷ ያን ቃል እያሰበች፣ እኔ ጥሪዬን እየጠበቅኩ፣ ሁለት ብቸኞች በአንድ ጎጆ ኖርን። አንዳችን ሌላችንን ማጽናናት አልቻልንበትም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ስደተኛው መመለስ ጀመረ። አንድ ቀን አሮጌ ካኪ ኮት የለበሰ፣ ወባ ያጠወለገው ሰው ደጃችን ቆመ። ከቁይ ገበያ ጀምሮ «ማን አለኝ የት ናት? የማን አለኝ ቤት የት ነው?» እያለ ሲጠይቅ ስደት ያሳበደው መስሏቸው «አይዞህ፣ እግዜር አለህ» እያሉ ያጽናኑት ነበር አሉ። ደጃችን ደርሶም ያንኑ ጠየቀ። «አቤት» አልኩ። ድምፄ የልጅ ድምፅ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ታወቀኝ። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና እንባው መጣ። አባቴ ከእነሱ ጋር ሲመለስ ድንበሩን ካለፉ በኋላ ቆላው ላይ በወባ ሞቷል፤ እዚያው ቀብረውታል።

እናቴ ለረጅም ጊዜ ካለቀሰች በኋላ ያ መልስ ደርሶት እንደሆነ ጠየቀችው። «እንዴታ እመይቴ!» አለ ሰውየው። «ገዳሪፍ ተቀምጠን ሳለ ነው የመጣው። ‹ሚስትህ እኔም ማን አለኝ ብላለች› ቢሉት እኛ ስላዘንን አንገታችንን ደፋን። እሱ ግን ዘሎ ተነሳ! ‹እሰይ፣ ልጄ በሕይወት አለች! እናቷም በስሟ ጠራቻት!› እያለ ሲጨፍር ዋለ። ኸዚያ ወዲያ ቃል ያልመጣለት ሰው ሁሉ ደስ እንዲለው ያን ወሬ ድገምልን ይለው ነበር።»

እናቴ በቁጣ የላከችው መሆኑን አልነገረችውም። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ወደ እኔ ዞረችና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «ማን አለኝ» አለችኝ። «አቤት» አልኳት። የምታዘኝ ነገር አልነበረም። እስክትሞት ድረስ በሌላ ስም ጠርታኝ አታውቅም።

ዛሬ ልጄን ፊቱን እያየሁ አወራዋለሁ። ምልክት አልጠይቀውም፤ ቃሉም መንገድ ላይ አይጎድልም። የበላውን፣ የለበሰውን፣ የአገሩን በረዶ ሳይቀር ያሳየኛል። ተመስገን ነው። ስልኩ ሲዘጋ ግን ቤቱ ጭር ይላል፤ በዚያ ስም የሚጠሩኝ ሰዎች ሁለቱም ካለፉ ቆይቷል።

ባለፈው እሑድ ልጄ ከኋላዬ ጨለም ማለቱን አይቶ ብቻዬን መሆኔ አሳሰበው። «እማዬ፣ አሁን እቤት ማን አለሽ?» አለኝ።

«ማን አለኝ» አልኩት።

ብሶት መሰለው። ዓይኑን ሰበረና በፋሲካ ለመምጣት እንደሚሞክር ነገረኝ። እሺ፣ ደስ ይለኛል አልኩት። እኔ ግን እቤት ያለችውን ነበር የነገርኩት።