ስምንት እሑድ በቤተ ክርስቲያን ግቢ

መጀመሪያ ያየሁት የውስጥ ልብሴ ላይ ነው፤ የወር አበባዬ ካለፈ በዘጠነኛው ቀን፣ የሳንቲም ያህል ደም። አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። "መቋረጫው ደርሶ ነው" አልኩና ልብሴን ቀይሬ ሥራ ገባሁ። ቦንጋ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። የማንንም ፋይል በደቂቃ ፈልጌ አወጣለሁ፤ የራሴ ደም የታየባቸውን ቀናት ግን የትም አልመዘገብኩም።

ደሙ ተመላለሰ። ከባለቤቴ ጋር ከተኛን በኋላም ይመጣ ጀመር። ቆይቶ ሽታ ያለው ውሃ መሳይ ፈሳሽ ተጨመረበት። ሕመም ግን የለውም። የማያም ነገር ደግሞ እኛ ዘንድ በሽታ አይባልም።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ለምትሸሽግ እህት ስለሆነ ጥፋቴን አልደብቅም። በሥርዓታችን ደም ያላት ሴት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አትገባም፤ ግቢው ውስጥ ቆማ ታስቀድሳለች። እኔም ቆምኩ። አንድ እሑድ፣ ሁለት እሑድ፣ ስምንት እሑድ። ሥርዓት አክባሪ ነኝ ብዬ እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ። ነገሩን የሥርዓት ጉዳይ ስላደረግኩት የጤና ጉዳይ መሆኑ ጨርሶ ትዝ አላለኝም።

ይባስ ብሎ በአንድ ለአምስት ስብሰባችን ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ ማኅፀን ጫፍ ካንሰር ምርመራ ስታስረዳ ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። "ሁላችንም ለመመርመር ተስማምተናል" ብዬ በሚያምር ጽሑፍ ጻፍኩ። ፈረምን። ከፈረምነው አንዳችንም አልሄድንም።

ሲስተር መሠረት የሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ናት። ያኔ ሴት ልጅ ወልዳ፣ ልጇ ክርስትና እስክትነሳ ሰማንያ ቀኗን ስለምትጠብቅ እሷም ውጭ ነበር የምትቆመው። አንድ እሑድ ልጇን እንዳቀፈች ጠጋ አለችኝ።

"እትዬ ወይንሸት፣ እኔስ ሰማንያ ቀኔን እየቆጠርኩ ነው። እርስዎ ምን እየቆጠሩ ነው?"

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። "ስንት እሑድ ሆነዎት?" አለችኝ። ስነግራት "ነገ ጠዋት ሆስፒታል እንገናኛለን" አለች። በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች ሴት፣ ልጇን ለእናቷ ትታ መጣች።

ስለ ምርመራው ብዙ ስለሚወራ ፈርቼ ነበር። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የማኅፀኔን ጫፍ አሴቲክ አሲድ፣ ማለት የኮምጣጤ ውሃ፣ ቀቡት። ጤነኛው ቦታ እንዳለ ይቆያል፤ አጠራጣሪው ይነጣል። የእኔ ነጣ። ብዙ ነጣ። ሲነካም ደማ።

ሲስተር ወዲያው ሐኪም ጠራች።

ለባዮፕሲ ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ ተላከ። ሳምንታት ጠበቅን። ካንሰር ነው ተባለ። ወደ ጅማ ተጻፈልኝ። አውቶቡስ ውስጥ ባለቤቴ አደሎ እጄን ይዞ ተቀመጠ። ትልቋ ልጄ አሥረኛ ክፍል ነበረች። እንዳልሞት ፈለግኩ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

የጅማው ሐኪም መርምሮኝ ሲያበቃ ወንበሩን አስጠጋ። "ደረጃ አንድ ነው፤ ከማኅፀን ጫፍ አልወጣም። በቀዶ ሕክምና እናወጣዋለን። ብዙ ቢዘገዩ ኖሮ ግን በቀዶ የሚሆን አልነበረም፤ ለጨረር አዲስ አበባ ነበር የምልክዎ።"

ማኅፀኔ እንዳለ እንደሚወጣ ሲነግረኝ እያፈርኩም ቢሆን ጠየቅኩት፦ "ሴትነቴስ?"

"እሱን አልነካም። የምወስደው በሽታውን ነው።"

ደም የሚለግስ ሰው አስፈለገ። አደሎ መምህር ነው፤ ለበዓል በሬ ሲጥል እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው መርፌዋን ሲያይ ላብ አጠመቀው። ግን ሰጠ። ሁለት ባልደረቦቹም ከቦንጋ ድረስ መጥተው ሰጡ። ዛሬ ሲያገኙኝ "የሥጋ ዘመዳችን ነሽ" እያሉ ይቀልዱብኛል።

ቀዶ ሕክምናው ሰዓታት ወሰደ። ነቃሁ። ጠማኝ። አለሁ።

የሽንት ቱቦውን፣ ካቴተር የሚሉትን፣ ሁለት ሳምንት ተሸክሜ ስዞር ካንሰሩ ያላሳፈረኝን ያህል ያቺ የሽንት ከረጢቱ አሳፈረችኝ፤ ግን እሷም ወጣች። ቤት ስመለስ ጄሪካን እንዳላነሣ ተከልክዬ ስለነበር ጎረቤቶቼ ተራ ገብተው ውሃ እየቀዱ፣ ገንፎ እያገነፉ፣ ከማንኪራ ጫካ በመጣ ማር እያባበሉ እንደ አራስ አኖሩኝ፤ እኔም ሳይሠሩ መብላት ምን ያህል እንደሚጥም በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ። ለቀጠሮ ጅማ በተመለስኩበት ቀን ሐኪሙ የፓቶሎጂውን፣ ማለት ከሰውነቴ የወጣውን ሥጋ ምርመራ፣ ውጤት ሁለት ጊዜ አነበበልኝ፦ "የተቆረጠበት ጠርዝ ንጹሕ ነው፤ በዙሪያው ያሉት ዕጢዎችም ከካንሰር ነጻ ናቸው። ጨረርም ኬሞም አያስፈልግዎትም።" ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ የማላውቃቸው ሴቶች ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ ተቀበሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ሰው መጎትጎት ሆነ። ከሁሉ ያስቸገረችኝ ቢታ ገነት የምትኖረው የባለቤቴ ታናሽ እህት አየለች ናት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። "ምኔም አልታመመ" እያለች አንድ ዓመት አስለመነችኝ። በመጨረሻ ቦንጋ አምጥቼ አስመረመርኳት። ትንሽ ነጭ ቦታ ተገኘ፤ ገና ካንሰር ያልሆነ፣ ግን ሊሆን የሚችል። እዚያው፣ ዕለቱን፣ ክራዮቴራፒ በሚባለው የማቀዝቀዝ ሕክምና ታከመች። ሩብ ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው። ለአንድ ወር ከባሏ ጋር እንዳትተኛ መከሯትና ወጣች።

"ለዚህ ነው እንዴ ከቢታ ገነት ድረስ ያስመጡኝ፣ እትዬ?" ብላ ተቆጣችኝ። አቅፌያት አለቀስኩ። ደስታ ነበር።

እግዚአብሔርን፣ ሲስተር መሠረትን፣ የጅማውን ሐኪምና ደም የሰጡኝን አመሰግናለሁ። እናንተ ሠላሳ ዓመት የሞላችሁ ሁሉ፣ ደም እስክታዩ አትጠብቁ፤ ምንም ሳያማችሁ ሂዱ። እኔ በቀዶ ሕክምና፣ በሰው ደምና በብዙ እንባ ዳንኩ። አየለች ግን አልታመመችም። ከሁለታችን መንገድ የእሷን ምረጡ።