የስመኝ ተረት

ልጅ ሳለሁ ቢቸና ላይ አንዲት ታናሽ እህት ተወለደችልኝ፤ ስመኝ አልናት። ላይኛው ከንፈሯ እስከ አፍንጫዋ የተሰነጠቀ፣ ላንቃዋም ክፍት ነበር። መጥባት ስላቃታት እናታችን ጡቷን በኩባያ እያለበች በማንኪያ ጠብ ታደርግላት ነበር፤ ግማሹ በአፍንጫዋ ይመለሳል። ያኔ «የእግዜር ሥራ ነው» ከማለት ሌላ ነገር የሚለን ሰው አልነበረም።

ምሽት ላይ የአባታችን አጎት አባባ ታከለ ምድጃው ዳር ተቀምጠው ተረት ያወሩልን ነበር። የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ኩራዙ አንዴ ደመቅ አንዴ ፈዘዝ እያለ፣ ትንፋሻችንን ውጠን እናዳምጣቸዋለን። ልማዳቸው ተረቱን መሃል ላይ አቁመው «በሉ፣ የቀረውን ማን ይጨርሰው?» ማለት ነበር። ከማንም ቀድማ የምትነሣው ስመኝ ናት። እርሳቸው እንኳ ያላሰቡትን ፍጻሜ ታመጣለች፤ ቃሏ ግን በአፍንጫዋ ስለሚወጣ ከእኔ በቀር ለማንም አይገባም። «ምን አለች?» ይሉኛል። ስነግራቸው በሳቅ ይፈነዳሉ፤ እርሷም አብራ ትስቃለች።

አንድ ክረምት እንዳለፈ ሞጣ ከሩቅ አገር ሐኪሞች መጡ ተባለና አባታችን ይዟት ሄደ። ከንፈሯ ተሰፍቶ ስትመለስ እናታችን እልል አለች። በዚያው ሰሞን ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ አባባ ታከለ፣ «ዛሬስ ራሷ ታውራ፤ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም» አሉ።

ስመኝ ቀሚሷን አስተካክላ ጀመረች። ድምፁ ያው የድሮው ነበር። የተሰፋው ከንፈሯ እንጂ ላንቃዋ አልነበረም፤ እኛ ግን ልዩነቱን የት አውቀን።

«ተሰፍታም ያው ነች እንዴ?» አለች አንዲት ጎረቤት።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ልነግራቸው አፌን ስከፍት ስመኝ በመዳፏ ከደነችው። ከዚያ ወዲያ ተረት ስትባል ራሷን መነቅነቅ ሆነ መልሷ።

ሐኪሞቹ ለላንቃዋ እንመለሳለን ብለው ነበር፤ ሳይመለሱ ቀሩ። ካደገች በኋላ ባሕር ዳር ወሰድናት። ሐኪሙ አፏን በባትሪ አየ።

«ይህ ላንቃ አፏን ሳትፈታ መዘጋት ነበረበት» አለ። «ቀጥሎም ንግግር የሚያለማምዳት ባለሙያ ያስፈልጋት ነበር። አሁን ብንዘጋው ምግቡ በአፍንጫዋ መውጣቱን ይተው ይሆናል፤ ንግግሯ ግን ብዙም አይስተካከልም።»

«የሚያለማምድስ አለ?» አለው አባቴ።

«እዚህ የለም።»

ዛሬ በትልልቅ ከተሞች የሕፃናት ላንቃ በጊዜ ይዘጋል ሲባል እሰማለሁ። እሰይ እላለሁ፤ ግን ደስታው ደረቴ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ስመኝ ከእናታችን ጋር ጥጥ እየፈተለች ትኖራለች፤ ሰው ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። እኔ አግብቼ ከሄድኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃቸው ስሄድ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ፊቷ እየፈካ፣ አንድ ረጅም ነገር ነገረችኝ።

«እስቲ ድገሚልኝ» አልኳት።

ቀስ ብላ ደገመችልኝ። አልገባኝም። ገብቶኛል ለማለት ሳቅሁ፤ እርሷ ግን አልሳቀችም፤ እንዝርቷን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች።